ዕድሜ አራዝሞ እግር ያደነዘዘ፦ የስታቩዲን አመጣጥና አወጣጥ

ስታቩዲን የተባለው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአፍሪካና በእስያ እጅግ ብዙ ሕሙማንን ከሞት አፋፍ የመለሰ የመሆኑን ያህል፣ ከእነዚሁ ሕሙማን ቁጥራቸው ጥቂት ያልሆኑትን እግር ያደነዘዘ፣ ሌሊት ከብርድ ልብስ ውስጥ እግራቸውን እንዲያወጡ ያስገደደና ጫማ ማጥለቅን እንኳ ሥቃይ ያደረገባቸው መድኃኒት ነው። ሐኪሞች ይህን ጉዳት የዳር ነርቮች ጉዳት ይሉታል፤ የዳር ነርቮች የሚባሉትም ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ወጥተው እስከ እጅና እግር ጣቶች ጫፍ የሚዘረጉት፣ ሕመምን፣ ሙቀትንና ንክኪን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ናቸው። መድኃኒቱ እነዚህን ነርቮች እንደሚጎዳ ለሽያጭ ከመፈቀዱ በፊት ታውቆ ስለነበር፣ ታሪኩን ለሚመረምር ሰው የሚቀረው ጥያቄ ጉዳቱ እየታወቀ መድኃኒቱ ለማን፣ የትና እስከ መቼ ድረስ ተሰጠ የሚለው ነው። (ሌላ ምልክት ከሌለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለፍርድ ሚዛናዊነት ሲባል አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር፣ ቫይረሱ ራሱ ያለ ምንም መድኃኒት ነርቭን የሚጎዳ መሆኑ ነው። ኤድስ በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ ከተዘገበ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሜሪካ የሚገኙ የነርቭ ሐኪሞች በሕሙማኑ እግር ላይ ተደጋጋሚ የሆነ የሥቃይ ዓይነት ማስተዋል ጀመሩ፤ በ1988ም በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ኮርንብላትና ጀስቲን ማክአርተር የዚህን ሕመም ገጽታ በዝርዝር ጽፈው አወጡ። ሕመሙ ከሁለቱም እግሮች ጣቶች እኩል ይጀምርና ወደ ውስጥ እግር፣ ከዚያም እንደ ካልሲ ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ ባት ይወጣል። አንዱ ሕመምተኛ ጉንዳን የወረረው ያህል ሲሰማው፣ ሌላው ፍም የረገጠ ያህል ይለበልበዋል፤ ሌላው ደግሞ ሕመም የሚባል ነገር ሳይኖረው መሬቱ ጥጥ የተነጠፈበት ይመስለዋል። ከጣት ጫፍ የሚጀምርበት ምክንያትም ወደ እግር ጣት የሚሄደው የነርቭ ክር በሰውነት ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅሙ፣ በአዋቂ ሰው እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ በመሆኑ ነው፤ ክሩ በረዘመ መጠን ስንቅ ከምንጩ እስከ ጫፉ ማድረስ ይከብዳል፤ የሚጎድለውም አስቀድሞ በጫፉ ላይ ነው።

የስታቩዲንና የመሰሎቹ መድኃኒቶች ታሪክ የሚጀምረው ግን ከኤድስ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ለካንሰር ፈውስ ሲፈለግ በነበረበት ጊዜ ነው። በዲትሮይት ከተማ በሚቺጋን የካንሰር ተቋም ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጀሮም ሆርዊትዝ በ1964 ዚዶቩዲንን፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥም ዛልሲታቢንንና ስታቩዲንን ሠራ፤ ዓላማውም የካንሰር ሕዋሳት ዘረመላቸውን በሚያባዙበት ጊዜ ሐሰተኛ ጡብ አቀብሎ ግንባታቸውን ማቋረጥ ነበር። ሐሳቡ ብልህ ቢሆንም መድኃኒቶቹ በካንሰር ላይ ፋይዳ ሳያሳዩ ስለቀሩ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ኤች አይ ቪ በሰው ሕዋስ ውስጥ ለመራባት አስቀድሞ የራሱን ዘረመል መገልበጥ እንዳለበት ሲታወቅ፣ ሐሰተኛው ጡብ ለቫይረሱ ግንባታ ማቋረጫ ሊውል እንደሚችል ታሰበ፤ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሳሙኤል ብሮደር፣ ሂሮአኪ ሚትሱያና ሮበርት ያርቾአን ባደረጉት ሥራም ዚዶቩዲን በመጋቢት 1987 የመጀመሪያው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ።

ችግሩ ሐሰተኛው ጡብ የሚገባበትን ግንብ በሚገባ አለመለየቱ ነበር። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ እነዚህ ክፍሎች የራሳቸው ዘረመል አላቸው፤ እሱንም የሚገለብጥላቸው ጋማ ፖሊሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹን እንደ ትክክለኛ ጡብ ተቀብሎ ሲያስገባ የሚቶኮንድሪያው ዘረመል እየሳሳ፣ የሕዋሱም ኃይል እየደከመ ይሄዳል። ከዚሁ ቤተሰብ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች መካከል ኢንዛይሙን በማታለል ረገድ ዛልሲታቢን ቀዳሚ ሲሆን ዲዳኖሲንና ስታቩዲን ይከተሉታል፤ ዚዶቩዲን፣ ላሚቩዲን፣ አባካቪርና ቴኖፎቪር ግን በዚህ ረገድ እጅግ ደካሞች ናቸው። መድኃኒቶቹ ነርቭን በመጉዳት ረገድ ያላቸው ቅደም ተከተልም ከዚህ ጋር የሚሄድ መሆኑ፣ ምክንያቱ በዋናነት ይኸው እንደሆነ ለብዙዎቹ ተመራማሪዎች አሳማኝ ማስረጃ ሆኖ ቆይቷል። በኢንዶኔዥያ፣ በማሌዥያና በአውስትራሊያ ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ ስታቩዲን ከሚወስዱት መካከል ዕድሜያቸው 40 የሞላና ቁመታቸው 170 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ሰዎች ይበልጥ እንደሚጎዱ አሳይቷል። ቁመት የመድኃኒት ጉዳት መተንበያ መሆኑ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ የነርቭ ክር ርዝመት የቁመት ልጅ መሆኑን ላሰበ ሰው አያስደንቅም።

ዛልሲታቢን በ1980ዎቹ መጨረሻ በሕሙማን ላይ ሲሞከር፣ ከፍ ባለ መጠን የወሰዱት ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እግራቸው መሬት መርገጥ እስኪያቅተው ድረስ ታመሙ። የሐኪሞቹ መልስ መጠኑን መቀነስ ነበርና መድኃኒቱ በ1992 ሲፈቀድ በቀን ሦስት ጊዜ 0.75 ሚሊ ግራም ብቻ እንዲወሰድ ሆነ፤ ከእሱ በፊት በ1991 የተፈቀደው ዲዳኖሲንም ከነርቭ ሌላ ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት የማቃጠል አደጋ ነበረበት። ስታቩዲን በአንጻሩ የተስፋ ቃል ይዞ መጣ። ፀረ ኤች አይ ቪ ኃይሉን በዬል ዩኒቨርሲቲ ያረጋገጡት ዊልያም ፕሩሶፍና ታይ ሹን ሊን ሲሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲው የባለቤትነት መብቱን አስመዝግቦ ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ለተባለው ኩባንያ ሰጠ። መድኃኒቱ ገና ሳይፈቀድ ሌላ አማራጭ ላጡ ሕሙማን በልዩ ፈቃድ ሲሰጥ ከአሥር ሺህ በላይ ሰዎች ወሰዱት፤ በሁለት የተለያዩ መጠኖች ይሰጥ ስለነበር ከፍተኛውን የወሰዱት ይበልጥ በነርቭ ጉዳት እንደሚጠቁ ያኔውኑ ታየ። እንደዚያም ሆኖ በሰኔ 1994 ሲፈቀድ የተመረጠው ከፍተኛው መጠን፣ ማለትም ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም ለሞላ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ 40 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ ደግሞ 30 ሚሊ ግራም ነበር። ይህ ውሳኔ በኋላ ብዙ እግር ያስከፈለ ውሳኔ ነው።

በዚያው ጊዜ የሚቶኮንድሪያን ጉዳይ ችላ ማለት የሚያመጣውን መዘዝ የሚያሳይ አሳዛኝ ክስተት ደርሶ ነበር። በ1993 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለጉበት በሽታ ሲሞከር የነበረው ፊያሉሪዲን የተባለ የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ከ15 ተሳታፊዎች የሰባቱን ጉበት አጥፍቶ አምስቱን ገደለ፤ ሁለቱ የተረፉት ጉበት ተተክሎላቸው ነው።

በ1996 ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ሲጀመር በበለጸጉት አገሮች ስታቩዲን ከዋነኞቹ ተመራጮች አንዱ ሆነ። ሆድን ብዙ አያስጨንቅም፤ እንደ ዚዶቩዲን የደም ማነስም አያስከትልም። አንዳንድ ሐኪሞች ከዲዳኖሲን ጋር፣ አንዳንዶችም ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለ የካንሰር መድኃኒት ጨምረው ሰጡት፤ ነርቭ ጎጂዎቹ ሲደራረቡ ጉዳቱም ተደራረበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎች መዘዞች ግልጽ ሆኑ፦ የጉንጭ፣ የክንድና የዳሌ ስብ እየሟሸሸ የሕመምተኛው መልክ ይለወጥ ጀመር፤ በአንዳንዶችም ላክቲክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ለሞት ዳረጋቸው። በጥር 2001 የአሜሪካ መንግሥት ነፍሰ ጡሮች ስታቩዲንንና ዲዳኖሲንን አጣምረው መውሰዳቸው ለሞት እንዳበቃ አስጠነቀቀ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ቴኖፎቪር ሲፈቀድ በበለጸጉት አገሮች ያሉ ሐኪሞች ከስታቩዲን የሚሸሹበት በር ተከፈተላቸው።

የታሪኩ እጥፋት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስታቩዲን ከሀብታሞቹ አገሮች መውጣት የጀመረበት ዓመት ወደ ድሆቹ አገሮች የገባበት ዓመትም ነውና። በየካቲት 2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ መድኃኒት አምራች ስታቩዲንን፣ ላሚቩዲንንና ኔቪራፒንን ያጣመረ ሕክምና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለተባለው ድርጅት ለአንድ ሰው በዓመት በ350 ዶላር እንደሚያቀርብ አስታወቀ፤ በወቅቱ ተመሳሳይ ሕክምና በአሜሪካ ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። ድርጅቱ በደቡብ አፍሪካ ርካሹን ስታቩዲን ለመጠቀም እንዲፈቀድለት ዬልን ጠየቀ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጥያቄውን ደግፈው ተነሡ፤ ፕሩሶፍም ከተማሪዎቹ ጎን ቆመ። ብሪስቶል ማየርስ በመጋቢት 2001 በደቡብ አፍሪካ የባለቤትነት መብቱን እንደማያስከብር አስታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ለድሃ አገሮች የመጀመሪያውን የሕክምና መመሪያ ሲያወጣ፣ ቀጥሎም በታኅሣሥ 2003 እስከ 2005 መጨረሻ ለሦስት ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት የማድረስ ዘመቻ ሲጀምር፣ ስታቩዲን የዘመቻው ምሰሶ ሆነ።

ምርጫው ከድንቁርና የመነጨ አልነበረም። ዚዶቩዲን የደም ማነስ ስለሚያስከትል በየጊዜው የደም ምርመራ ይጠይቃል፤ ወባና የምግብ እጥረት ባለበት አገር ብዙ ሕሙማን መድኃኒት ሳይጀምሩም ደማቸው ያነሰ ነው። ቴኖፎቪር ውድ ነበር፤ ኩላሊትንም መከታተል ያሻል። ስታቩዲን ግን ቤተ ሙከራ በሌለበት ጤና ጣቢያ ሊሰጥ የሚችል፣ ከሌሎቹ ሁለት መድኃኒቶች ጋር በአንድ እንክብል ተጠቅልሎ ጠዋትና ማታ የሚዋጥና ከሁሉም የረከሰ ነበር። ሞት በየቤቱ በሚያንኳኳበት ዘመን ከእግር ይልቅ ነፍስን ያስቀደመውን ሐኪም መውቀስ ተገቢ አይሆንም።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ሕክምና የገባችው በዚሁ ማዕበል ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁበት ከ1986 በኋላ ለአሥራ ሰባት ዓመታት ያህል ለአብዛኛው ሕመምተኛ መድኃኒት የሚባል ነገር አልነበረም፤ በ2003 በክፍያ የሚሰጥ ሕክምና ተጀመረ፤ በ2005 (በ1997 ዓ.ም.) ደግሞ መንግሥት ነጻ ሕክምና መስጠት ጀመረ። ሕዝቡም መድኃኒቱን «ዕድሜ ማራዘሚያ» አለው። በሕክምና ካርዶች ላይ ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒንን ያጣመረው መድኃኒት «1ኤ» በሚል ምልክት ይጻፍ ነበር፤ ኔቪራፒን በኢፋቪሬንዝ ሲተካ «1ቢ» ይሆናል፤ ከምልክቱ ጎን የሚጻፈው 30 ወይም 40 ደግሞ የስታቩዲኑን መጠን ያመለክታል። ከስተው የነበሩ ሰዎች በሕክምናው ክብደታቸው ሲመለስ 60 ኪሎ ግራም ያልፉና ከ30 ወደ 40 ይዛወሩ ነበር፤ ማገገማቸው ራሱ ነርቭን ይበልጥ ወደሚጎዳው መጠን ያሻግራቸው ነበር ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳቱን የሚያባብስ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱም የሳንባ ነቀርሳ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምናና መከላከያ የሚሰጠው አይሶናያዚድ፣ ፓይሪዶክሲን ወይም ቫይታሚን ቢ 6 የተባለውን ንጥረ ነገር ከሰውነት ስለሚያሟጥጥ በራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ ከስታቩዲን ጋር ሲገናኝ አደጋው ይጨምራል። የአይሶናያዚዱን ጉዳት ግን በየቀኑ በሚወሰድ አነስተኛ የቫይታሚን ቢ 6 መጠን መከላከል ይቻላል፤ ቫይታሚኑ የስታቩዲንን ጉዳት ለመከላከል አለመቻሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተስተዋለ ልዩነት ነው። የደነዘዘ እግር ለአገሪቱ ሐኪሞች እንግዳ ነገር እንዳልነበረም መጠቀስ አለበት። በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የተባለው የሕክምናና የሥልጠና ተቋም ሥጋ ደዌ ነርቭ የገደለባቸውን ሰዎች እግር በመንከባከብ ለብዙ ዓመታት ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ በየማታው ውስጥ እግርን መመርመር፣ ባዶ እግር አለመሄድ፣ እግርን እሳት አጠገብ አለማሞቅ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲሰጡ የቆዩት ምክሮች በመድኃኒት ለደነዘዘ እግርም ቃል በቃል የሚሠሩ ናቸው።

ጉዳቱን ለማወቅ የተራቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም። ሐኪሙ ስለ ሕመም፣ ስለ መደንዘዝና ስለ መንዘር ይጠይቃል፤ ሲመታ በሰከንድ 128 ጊዜ የሚርገበገበውን ባለ ሁለት ጣት ብረት በእግሩ አውራ ጣት ላይ አኑሮ ሕመምተኛው ንዝረቱን ለስንት ሰከንድ እንደሚሰማው ይቆጥራል፤ የቁርጭምጭሚቱን ጅማት በመዶሻ መትቶ እግሩ መልስ መስጠቱን ያያል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ውሳኔ ነበር። ሥቃዩ ቀላል ከሆነ መከታተል፣ እንቅልፍ የሚነሳና ሥራ የሚያስፈታ ከሆነ ግን ስታቩዲንን ብቻ አውጥቶ በዚዶቩዲን ወይም ከተገኘ በቴኖፎቪር መተካት ደንቡ ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሕመሙ ለተወሰኑ ሳምንታት ሊብስ ይችላል፤ ይህን ያልተነገረው ሕመምተኛ አዲሱን መድኃኒት ተጠያቂ አድርጎ ሊያቋርጥ ይችላል። በራሱ ፈቃድ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ ውስጥ ይገባል፤ ኔቪራፒን ከሌሎቹ ይልቅ በደም ውስጥ ስለሚሰነብት ለተወሰነ ጊዜ ቫይረሱን ብቻውን ይጋፈጣልና፣ ቫይረሱም እሱን መቋቋም ይማራል።

ሥቃዩን በማስታገሻ ለማሸነፍ የተደረገው ጥረት ባመዛኙ የሽንፈት ታሪክ ነው። ለድብርት የተሠራውና ለነርቭ ሕመም በየቦታው የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን በ1998 በታተሙ ሁለት ጥናቶች በኤች አይ ቪ የነርቭ ሕመም ላይ ከባዶ ክኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፤ ፕሪጋባሊንም በ2010 በታተመ ጥናት እንደዚሁ ወደቀ። በርበሬንና ሚጥሚጣን የሚያስፋጀው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በከፍተኛ ክምችት በፕላስተር መልክ እግር ላይ ሲለጠፍ አንዱ ሙከራ መሻሻል ሲያሳይ ሌላው ሳይደግመው ቀረ። ርካሽ በመሆኑና የሚተካው በመጥፋቱ አሚትሪፕቲሊን እስከ ዛሬ ይታዘዛል፤ እንቅልፍ መስጠቱ ብቻውን ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ትንሽ እፎይታ አይደለም። ሆኖም የሠላሳ ዓመቱ ልምድ የሚመሰክረው፣ የዚህ ጉዳት እውነተኛ ሕክምና መድኃኒት በሚመረጥበት ሰዓት የሚሰጥ መሆኑን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 አገሮች ከስታቩዲን መራቅ እንዲጀምሩ መከረ፤ በ2007 ክብደት ሳይለይ ለሁሉም አዋቂ 30 ሚሊ ግራም ብቻ እንዲሰጥ አዘዘ፤ በኅዳር 2009 ቀስ በቀስ እንዲወጣ፣ በ2013 ደግሞ ከመጀመሪያ መስመር ሕክምና ፈጽሞ እንዲቆም ወሰነ። ከፍተኛው መጠን ይበልጥ እንደሚጎዳ ስታቩዲን ሳይፈቀድ ታውቆ የነበረ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ መጠኑን ለመቀነስ አሥራ ሦስት ዓመት መፍጀቱን በይቅርታ ለማለፍ ይቸገራል። በ2003 ስታቩዲንን መምረጥ ተገቢ የነበረ ቢሆንም ከ2006 በኋላ ለዓመታት መቀጠሉ የሚመዘነው በሌላ ሚዛን ነው፤ ሳይንሱ ተነግሮ አልቋል፤ የሚጠበቀው የቴኖፎቪር ዋጋ መውረድ ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ በ2008 ባወጣችው መመሪያ ቴኖፎቪርን በመጀመሪያ መስመር አስገባች፤ ደቡብ አፍሪካ በ2010 አዲስ ጀማሪዎችን በቴኖፎቪር ማስጀመር ያዘች። ቀድሞ በስታቩዲን ጀምረው የተስማማቸው ሕሙማን ግን በብዙ አገር እግራቸው እስኪደነዝዝ ወይም ጉንጫቸው እስኪጎድል ድረስ በዚያው እንዲቆዩ ይደረግ ነበር።

ዛሬ በአፍሪካ አገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉተግራቪር የተጣመሩበት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ሲሆን፣ በ2017 በተደረገ ስምምነት ዋጋው ለአንድ ሰው በዓመት 75 ዶላር ገደማ እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ ይህም ከመጀመሪያው የሲፕላ ዋጋ አንድ አምስተኛው ያህል ነበር። በዚህ ክኒን ሕክምና የጀመረ ወጣት የስታቩዲንን ስም ላያውቅ ይችላል። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት ግን አሁን በጎልማሳነትና በእርጅና ዕድሜ ላይ ናቸው፤ የስኳር በሽታም በዚሁ ዕድሜ ስለሚመጣ አዲሱ የነርቭ ጉዳት በቆየው ላይ ይደረባል። ስለዚህ እግሬ ደነዘዘ ብሎ የመጣን የቆየ ሕመምተኛ የሚቀበል የጤና ባለሙያ የደም ስኳሩን ብቻ ለክቶ እንዳያሰናብተው፣ አሮጌውን ካርድ አስወጥቶ «1ኤ» ወይም «1ቢ» የሚል ምልክት እንዳለበት እንዲያይ፣ ካርዱ ከጠፋም ሕመምተኛውን ራሱን እንዲጠይቅ ያስፈልጋል።